አዲሱ እስር ቤት የማን ነው?

በስኮትላንድ፣ ግላስጎው ከተማ ባርሊኒ የሚባል እስር ቤት አለ። የመጀመሪያዎቹን እስረኞች የተቀበለው በ1882 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከመቶ ሃያ ዓመት በኋላም በአንዳንድ ሕንፃዎቹ ውስጥ ክፍሎቹ መጸዳጃ አልነበራቸውም። ማታ በሩ ከተቆለፈ በኋላ በአንድ ጠባብ ክፍል የታሰሩ ሁለት ሰዎች አንዱ በሌላው ፊት በባልዲ ይጸዳዳሉ፤ ጠዋት በሩ ሲከፈት ያንኑ ይዘው ወደ ጋራ መድፊያው ይሰለፋሉ። በ2004 አንድ እስረኛ ከስሶ የስኮትላንድ ፍርድ ቤት ይህ አያያዝ የሰውን ክብር የሚያዋርድ ነው ሲል ፈረደለት።

ዛሬ ለባርሊኒ ምትክ እየተሠራ ነው። አዲሱ ማረሚያ ቤት 1,344 ሰው እንዲይዝ ታቅዷል፤ ሥራው በ2028 ያልቃል ተብሏል፤ የሚያስተዳድረውም የስኮትላንድ ማረሚያ ቤቶች አገልግሎት፣ ማለትም መንግሥት ራሱ ነው። በመጀመሪያ 100 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ይበቃዋል የተባለው ግንባታ በ2025 መጀመሪያ ላይ ዋጋው 998.4 ሚሊዮን መድረሱ ይፋ ሆነ። «አሮጌውን እስር ቤት በዘመናዊ የመንግሥት ማረሚያ ቤት መተካት» ሲባል ነገሩ አንድ ውሳኔ ይመስላል። ሲፈታ ግን ብዙ ነው፤ ለምን አይታደስም? ስንት አልጋ ይኑረው? የት ይሠራ? ገንዘቡ ከማን ይምጣ? ቁልፉን ማን ይያዝ? የሰው ዓይን የሚያርፈው በሕንፃው ላይ ነው። እኔ ግን የአንድን እስር ቤት ጠባይ ከሕንፃው በፊት ሁለት ወረቀቶች ይወስኑታል ባይ ነኝ፤ አንዱ የአልጋው ብዛት የተሰላበት ወረቀት፣ ሁለተኛው የአስተዳደሩ ውል።

ማደስ ለምን ይከብዳል

ባርሊኒን የመሳሰሉት እስር ቤቶች የታነጹበት ዘመን ወንጀለኛን የሚያርመው ብቸኝነት ነው ብሎ ያምን ነበር። በ1829 ፊላደልፊያ ውስጥ የተከፈተው ኢስተርን ስቴት እና በ1842 ለንደን ውስጥ የተከፈተው ፔንተንቪል የዚህ እምነት ውጤቶች ናቸው። ከአንድ ማዕከል ረጃጅም ክንፎች ይወጣሉ፤ በየክንፉ ግራና ቀኝ ክፍሎች ይደረደራሉ። መሐል ላይ የቆመ ጠባቂ ኮሪደሮቹን ሁሉ በአንድ ዕይታ ይቃኛል፤ በተዘጋው በር ጀርባ የሚሆነውን ግን አያይም። እስረኛው ሥራውን የሚሠራው፣ የሚበላው፣ የሚጸልየው እዚያው ክፍሉ ውስጥ ስለነበር ለመማሪያ ክፍል፣ ለሥራ ቦታ ወይም ለቤተሰብ መገናኛ የተተወ ቦታ የለም። ፔንተንቪል ሲከፈት 520 ክፍል ነበረው፤ ሐሳቡም ለአንድ ሰው አንድ ክፍል ነበር። ዛሬም በሥራ ላይ ነው፤ የሚይዘው ግን ከሺህ ሰው በላይ ነው።

እንዲህ ያለ ሕንፃ ላይ የውኃና የፍሳሽ ቧንቧ ለማሳለፍ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ መብሳት ያስፈልጋል። የአካል ጉዳተኛ ወንበር በበሩ አይገባም። የእስረኛው ዕድሜ እየገፋ በመጣባቸው አገሮች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ የብረት ደረጃ መውጣት የማይችል የሰባ ዓመት ታራሚ ምድር ቤት ያሉት ጥቂት ክፍሎች እስኪለቀቁ ይጠብቃል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሰው እየኖረበት መጠገኑ ነው። አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ወደ እስር ቤት ሲገባ መሣሪያው አንድ በአንድ ይመዘገባል፤ ሲወጣም ይቆጠራል። አንድ መፍቻ ከጎደለ እስኪገኝ ድረስ ክንፉ በሙሉ ይቆለፋል። ሠራተኛው በሚሠራበት ሰዓት ሁሉ አንድ ጠባቂ አጠገቡ መቆም አለበት፤ ያ ጠባቂ ደግሞ ከሌላ ሥራ የተነሣ ነው፤ በዚያ ቀን ወደ ሐኪም ወይም ወደ ትምህርት የሚወሰዱ እስረኞች አጃቢ አጡ ማለት ነው። ውጭ የአንድ ሰዓት ሥራ የሆነው እዚያ ቀኑን ይፈጃል። ሰፊ እድሳት ሲሆን ደግሞ እስረኞቹን ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ግድ ይላል። ሌሎቹም እስር ቤቶች ሞልተው ከሆነ መሄጃ የለም። ስለዚህ ብዙ መንግሥታት ሌላ ቦታ ላይ አዲስ ሠርቶ መዛወርን የሚመርጡት አዲስ ነገር ስለሚወዱ ብቻ አይደለም፤ አሮጌውን ለመጠገን የሚያስፈልገው ባዶ ቦታ ስለሌላቸውም ነው።

«ዘመናዊ» የሚባለው ምንድን ነው?

ካሜራና በኤሌክትሪክ የሚከፈት በር ሁሉም ይገዛዋል። ዓለም አቀፉ መለኪያ የሚጠይቀው ከዚያ ቀለል ያለ፣ ግን ሲሠራ የሚከብድ ነገር ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በታኅሣሥ ወር 2015 ያጸደቃቸው፣ የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች የሚባሉት 122 ደንቦች መስኮቱ በቀን ብርሃን ለማንበብ የሚያስችል ስፋት ይኑረው፣ ንጹሕ አየርም ያስገባ ይላሉ። ሌሊት ለአንድ ሰው አንድ ክፍል እንዲሆን ይመክራሉ። ሰውን በቀን 22 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከሰው ሳያገናኙ ብቻውን መዝጋት ከተከታታይ 15 ቀን እንዳያልፍ ይከለክላሉ። የአውሮፓ ምክር ቤት የፀረ ስቃይ ኮሚቴ ደግሞ ቁጥር አስቀምጧል፤ መጸዳጃው ሳይቆጠር ብቻውን ለሚኖር ሰው ቢያንስ 6 ካሬ ሜትር፣ በጋራ ክፍል ውስጥ ለእያንዳንዱ ሰው ቢያንስ 4 ካሬ ሜትር።

የሕንፃው ቅርጽም ተቀይሯል። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት፣ በኮንትራ ኮስታ አውራጃ፣ ማርቲኔዝ በሚባል ከተማ በ1981 የተከፈተው ማቆያ ለዚህ ለውጥ ብዙ ጊዜ በምሳሌነት ይጠቀሳል። ረጅሙ ኮሪደር ቀርቶ ክፍሎቹ በአንድ የጋራ አዳራሽ ዙሪያ ተደረደሩ። ጠባቂውም ከመስታወት ጀርባ ወጥቶ ጠረጴዛውን በአዳራሹ መካከል፣ በእስረኞቹ መሐል አደረገ። ሲሰሙት የሚያስፈራ ነው። ነገር ግን በመሐላቸው የሚውል ጠባቂ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ፣ የማን ፊት እንደጠቆረ፣ ማን ዛሬ ምሳውን እንዳልነካ ያውቃል፤ ጠቡ ከመነሣቱ በፊት ይደርስበታል። ከመስታወት ጀርባ ያለው የሚያውቀው ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው።

በ2010 የተከፈተው የኖርዌዩ ሃልደን እስር ቤት ይህን ሐሳብ እስከ ጥግ ወስዶታል። 250 ያህል ሰው የሚይዝ፣ በመስኮቶቹ ላይ የብረት ፍርግርግ የሌለው፣ ዙሪያውን ረጅም የኮንክሪት አጥር በጥድ ዛፎች መሐል የሚሄድበት ግቢ ነው። ጎብኚዎች ፎቶግራፍ የሚያነሡት ክፍሎቹን ነው፤ ጋዜጦችም «የቅንጦት እስር ቤት» እያሉ ጽፈውበታል። ብዙ ጊዜ የማይጻፈው፣ አንድ የኖርዌይ ማረሚያ ቤት ጠባቂ ደመወዝ እየተከፈለው ሁለት ዓመት የሚማር መሆኑ ነው። ሥልጠናው በሳምንታት የሚቆጠርባቸው አገሮች አሉ። የሃልደንን ሕንፃ ቀድቶ ሥልጠናውን ያልቀዳ አገር የሚያገኘው የሚያምር ግድግዳ ብቻ ነው።

ሦስቱ ባለቤትነቶች

«በመንግሥት የሚተዳደር» የሚለው አገላለጽ ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ምክንያቱም በአንድ እስር ቤት ላይ ሦስት ጥያቄዎች ተደራርበዋል። ሕንፃው የማን ነው? ማሠሪያው ገንዘብ ከየት መጣ? እስረኛውን የሚቆልፈውና የሚቀጣው የማን ሠራተኛ ነው? የሦስቱ መልስ የግድ አንድ አይደለም።

በአንደኛው ዓይነት ሁሉም ነገር የመንግሥት ነው፤ ተቋራጩ በጨረታ ሕንፃውን ሠርቶ ያስረክባል፣ ይሄዳል። በሁለተኛው ዓይነት አንድ የኩባንያዎች ስብስብ ገንዘቡን ተበድሮ ይገነባል፣ ሕንፃውንም ለ25 ወይም ለ30 ዓመት ይጠግናል፤ መንግሥት በየዓመቱ ኪራይ የመሰለ ክፍያ ይከፍለዋል፤ ጠባቂዎቹ ግን የመንግሥት ናቸው። በኦክላንድ፣ ኒው ዚላንድ በ2018 የተከፈተው ከፍተኛ ጥበቃ ያለው እስር ቤትና በብራስልስ ዳርቻ በ2022 የተከፈተው ሃረን በዚህ መንገድ የተሠሩ ናቸው። ፈረንሳይም ከ1987 ወዲህ ለእሱ የቀረበ መንገድ ይዛለች፤ ምግቡን፣ ጥገናውንና የመሳሰለውን ለኩባንያ ስትሰጥ ጥበቃውንና አመራሩን ግን አትሰጥም። በሦስተኛው ዓይነት ዲዛይኑ፣ ግንባታው፣ ገንዘቡና ጠባቂውም የኩባንያ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ለፖለቲከኛ ይጥመዋል። ሪባኑ ዛሬ ይቆረጣል፣ ሂሳቡን ገና ያልተመረጠ ሰው ይከፍላል። ችግሩ የእስረኛው ቁጥር ሲቀንስ ነው፤ ክፍያው አይቀንስም። በአሜሪካ አንዳንድ ግዛቶች ከእስር ቤት ኩባንያዎች ጋር በተፈረሙ ውሎች ውስጥ ከዚህ የባሰ አንቀጽ ተገኝቷል፤ መንግሥት አልጋዎቹ ቢያንስ 80 ወይም 90 በመቶ እንደተያዙ አድርጎ ሊከፍል ቃል ይገባል፤ በአሪዞና 100 በመቶ የሚል ውል ነበር። ወንጀል ቀንሶ አልጋው ባዶ ቢያድር እንኳ ግብር ከፋዩ ይከፍላል ማለት ነው።

ሦስተኛው ዓይነት ላይ ትንሽ ልቆይ። እስር ቤት ሲተዳደር ትልቁ ወጪ የሠራተኛ ደመወዝ ነው። ኩባንያ ከመንግሥት ባነሰ ዋጋ አስተዳድራለሁ ሲል ልዩነቱን የሚያመጣበት ሰፊ በር ያው ደመወዝ ነው፤ የሰው ቁጥር መቀነስ፣ ለአዲስ ተቀጣሪ አነስተኛ ክፍያ፣ ደካማ ጡረታ። ከዚያ ልምድ ያለው ጠባቂ ይለቃል። ውሉ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጠብ ሲነሣ ወይም አደንዛዥ ዕፅ ሲገኝ ኩባንያው እንዲቀጣ ያደርጋል፤ የጠቡን ቁጥር መዝግቦ የሚያቀርበው ግን ኩባንያው ራሱ ነው። ራሱን ከስሶ ቅጣት የሚከፍል ሰው ብዙ አይገኝም።

የኦክላንዱ ማውንት ኢደን ይህን በግልጽ አሳይቷል። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ መታነጽ የጀመረው የድንጋይ እስር ቤት በ2011 ተዘግቶ አጠገቡ ዘመናዊ ሕንፃ ተተካ፤ አስተዳደሩም ሰርኮ ለተባለ ኩባንያ ተሰጠ። በሐምሌ ወር 2015 እስረኞች የተደራጀ ቡጢ ሲገጥሙ የሚያሳይ ቪዲዮ በዩቲዩብ ወጣ። ቪዲዮው የተቀረጸው እስር ቤቱ ውስጥ በተደበቀ ስልክ ነበር። የኒው ዚላንድ መንግሥት በዚያው ወር አስተዳደሩን ተረከበ፤ በ2017ም የኩባንያው ውል አከተመ። ሕንፃው አዲስ ነበር፣ ካሜራው አዲስ ነበር። የጎደለው በመሐላቸው የሚቆም ሰው ነው።

እንግሊዝ ውስጥ የበርሚንግሃም እስር ቤት በ2011 ከመንግሥት ወደ ጂፎርኤስ ኩባንያ ተላለፈ፤ በታኅሣሥ ወር 2016 ትልቅ ብጥብጥ ተነሣበት፤ በነሐሴ ወር 2018 መንግሥት ውሉ ሳያልቅ ገብቶ ተረከበው። ስኮትላንድም ሰርኮ ለ25 ዓመት ያስተዳደረውን የኪልማርኖክ እስር ቤት ውሉ በመጋቢት ወር 2024 ሲያልቅ ወደ መንግሥት መለሰችው። በእንዲህ ዓይነቱ ርክክብ ጠባቂዎቹ አይባረሩም፤ ትናንት የኩባንያ መለያ ለብሶ የወጣው ጠባቂ ዛሬ የመንግሥት ዩኒፎርም ለብሶ ያንኑ በር ይከፍታል። ከውጭ ለሚያይ ምንም አልተለወጠም፤ የተለወጠው ለማን እንደሚመልስ ነው። እንግሊዝ ግን በመንገዷ ቀጥላለች፤ የዌሊንግቦሮ የመንግሥት እስር ቤት ተዘግቶ ፈርሶ በቦታው በ2022 ፋይቭ ዌልስ ሲከፈት አስተዳደሩ የተሰጠው ለዚያው ለጂፎርኤስ ነው።

የእስራኤል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥያቄውን ከገንዘብም ከጥራትም አውጥቶ ነበር ያየው። አገሪቱ በ2004 የግል እስር ቤት የሚፈቅድ ሕግ አውጥታ ነበር። በኅዳር ወር 2009፣ ሕንፃው ሊያልቅ በተቃረበበት ጊዜ፣ ዘጠኝ ዳኞች ተሰይመው ስምንት ለአንድ በሆነ ድምፅ ሕጉን ሻሩት። የሰውን ነፃነት የመንጠቅ ሥልጣን የሕዝብ ነው፤ ለትርፍ ለሚሠራ አካል ሲሰጥ አያያዙ ቢሻል እንኳ የእስረኛው ክብር ይነካል አሉ። የማንዴላ ደንቦችም የማረሚያ ቤት ሠራተኛ ሙሉ ጊዜውን የሚሠራ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ደረጃና የሥራ ዋስትና ያለው ባለሙያ ይሁን ይላሉ።

ይህን ሁሉ ብዬ ግን መንግሥት የያዘው ሁሉ መልካም ነው ማለቴ አይደለም። የኒው ዮርኩ ራይከርስ ደሴት እስር ቤቶች በከተማው መንግሥት የሚተዳደሩ ናቸው፤ በአሜሪካ በጭካኔ ስማቸው ከሚነሣ እስር ቤቶች ግንባር ቀደሞቹም ናቸው። የመንግሥት አስተዳደር የሚሰጠው የሚጠየቅ ሰው ነው። ሚኒስትሩ «ኩባንያውን ጠይቁት» ማለት አይችልም፤ የውሉ አንቀጽም «የንግድ ምሥጢር ነው» ተብሎ አይደበቅም። የሚጠይቅ ሰው ከሌለ ግን የሚጠየቅ መኖሩ ብቻ ዋጋ የለውም፤ ስለዚህ ሳይታሰብ የሚመጣ ነፃ መርማሪ፣ ሪፖርቱ ለሕዝብ የሚወጣ፣ ከአስተዳደሩ እኩል ያስፈልጋል።

ስንት አልጋ፣ የት

አዲሱ የግላስጎው እስር ቤት ላይ የማልስማማበት ይህ ነው። የማንዴላ ደንቦች ዝግ በሆኑ እስር ቤቶች የታራሚው ቁጥር እያንዳንዱን ሰው ለይቶ ለመያዝ እስከሚያስቸግር ድረስ አይብዛ ካሉ በኋላ፣ ከ500 መብለጥ የለበትም የሚባልባቸው አገሮች እንዳሉ ይጠቅሳሉ። 1,344 የዚያ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ነው። በሌላ በኩል ባርሊኒ የተዘጋጀው ለ987 ሰው ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ ከ1,300 በላይ ሲይዝ ቆይቷል፤ ምትኩ ከዚህ ቢያንስ በተከፈተ ማግስት ይጨናነቃል። ሁለቱም ክርክር እውነት ነው። መውጫው ያለው ከግንባታው ውጭ ነው፤ ፍርድ ሳይሰጣቸው በቀጠሮ የሚመላለሱት ስንት ናቸው? ዋስትና ተፈቅዶላቸው የዋሱን ገንዘብ ስላጡ የተቀመጡትስ? አጭር ቅጣት በሌላ ዓይነት ቅጣት ሊተካ ይችላል? እነዚህ ሳይመለሱ የተሰላ የአልጋ ብዛት ግምት ነው።

ያቺው ስኮትላንድ ለሴቶች ሌላ መንገድ መርጣለች። በ2015 መጀመሪያ ላይ፣ ወደ 300 ሴቶች እንዲይዝ ታቅዶ የነበረው እስር ቤት በፍትሕ ሚኒስትሩ ተሰረዘ፤ በምትኩ በ2023 ስተርሊንግ ውስጥ 100 ያህል ሰው የሚይዝ ማረሚያ ቤት፣ ከእሱም በፊት በዳንዲና በግላስጎው ሁለት ትናንሽ ቤቶች ተከፈቱ። የስተርሊንጉ ገና እንደተከፈተ ጎረቤቶች አቤት አሉ፤ ሌሊት የሴቶቹ ጩኸት እስከ መኝታ ክፍላቸው ይሰማል። ጩኸቱ በሕንፃ ጥፋት ብቻ የመጣ አልነበረም፤ በጠና የታመሙ፣ ሆስፒታል መግባት የነበረባቸው ሴቶች ይኖሩበታል። አዲስ ሕንፃ የአእምሮ ሕክምናን አይተካም።

ቦታውም የሂሳቡ አካል ነው። ከከተማ ራቅ ብሎ መሬት ርካሽ ነው፤ ግን የቀጠሮ እስረኛ በየጊዜው ፍርድ ቤት ይቀርባል፣ እናቶች ልጅ አዝለው ይመጣሉ። በመሬት የዳነው ገንዘብ በነዳጅና በአጃቢ ይወጣል፤ የእናትየዋ ትራንስፖርት ደግሞ በማንም በጀት ውስጥ አይጻፍም። የግላስጎው ምትክ በከተማዋ ውስጥ፣ በቀድሞ የጋዝ ፋብሪካ ግቢ ላይ መሠራቱ ከዋጋው ንረት ጋር እንኳ ትክክል ይመስለኛል።

አሮጌው ሲዘጋ

ብዙ ጊዜ የሚረሳው የመጨረሻው ምዕራፍ ይህ ነው። አዲሱ ሲከፈት አሮጌው ወዲያው ካልተዘጋ «ለጊዜው» ተብሎ ይቆያል፤ ባዶ አልጋ ደግሞ ሰው ይጠራል። ስለዚህ አንዳንዶች ቦታውን ለሌላ ተግባር ያውላሉ። ኢስተርን ስቴት በ1971 ተዘግቶ ዛሬ ሙዚየም ነው፤ የኦክስፎርዱ እስር ቤት ሆቴል ሆኗል፤ የአዲስ አበባው ዓለም በቃኝ ፈርሶ በስፍራው የአፍሪካ ኅብረት አዳራሽ ቆሟል።

ኒው ዮርክ ነገሩን በሕግ ልታስር ሞክራለች። የከተማው ምክር ቤት በ2019 ራይከርስ እንዲዘጋና በፍርድ ቤቶች አቅራቢያ አራት አዳዲስ ማቆያዎች እንዲሠሩ ወሰነ። በ2021 ደግሞ በደሴቱ ላይ ከጥቅም ውጭ የሆነ መሬት በየስድስት ወሩ ከእስር ቤቶች መምሪያ እጅ እየወጣ ወደ ሌላ የከተማው መሥሪያ ቤት እንዲዛወር፣ ለፀሐይ ኃይልና ለመሰል አገልግሎት እንዲውል ሕግ አወጣ፤ ከዛሬ ሃያ ዓመት በኋላ የሚመጣ ከንቲባ «እስር ቤቱን እንደገና እንክፈት» ቢል መሬቱን እንዳያገኘው ማለት ነው። የአዲሶቹ አልጋ ሲሰላ ግን የእስረኛው ቁጥር ወደ 3,300 ይወርዳል ተብሎ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከ6,000 በላይ ወጣ። ዋጋውም ከ8.7 ቢሊዮን ዶላር ተነሥቶ ከ13 ቢሊዮን አልፏል። ሕጉ ያስቀመጠው የመዝጊያ ቀን ነሐሴ 31፣ 2027 ነው፤ የብሩክሊኑ ማቆያ እንኳ የሚጠበቀው ከ2029 በፊት አይደለም።